ከጋራዥ የወጣ ሞተር ገና አልተጠገነም
(በጅማ ከተማ ለሞተር ሳይክል አሽከርካሪዎችና ለመካኒኮች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። አካም ጅርቱ።

የተከበራችሁ የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች፣ ከጅማና ከዙሪያዋ ወረዳዎች የመጣችሁ የግብርናና የጤና ባለሙያዎች፣ በሞተር ዕቃ እያመላለሳችሁ ቤተሰብ የምታስተዳድሩ ወጣቶች፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ እጃችሁን በዘይት አጥቁራችሁ እኛን መንገድ ላይ የምታቆዩን መካኒኮች፣ ጥሪውን አክብራችሁ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ።

ስለ ሞተር ሳይክል ጥገና እንድናገር ስጋበዝ፣ «ዕድሜውን ጄት ላይ የጨረሰ ሽማግሌ ስለ ቦክሰር ሞተር ሳይክል ምን ያውቃል?» የሚል ሰው ከመካከላችሁ እንደማይጠፋ ገምቻለሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በቅድሚያ ልመልሰው። በአየር ኃይል ቆይታዬ ከተሰጡኝ ሥራዎች አንዱ የሙከራ በረራ ነበር። የሙከራ በረራ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፋብሪካ አዲስ የሠራውን አውሮፕላን አቅሙን ለማወቅ የሚደረገው ሲሆን፣ በመጽሔትና በፊልም የምታዩት እሱን ነው። ሁለተኛው ማንም የማያወራለት፣ ከጥገና የወጣ አውሮፕላን ወደ ሥራው ከመመለሱ በፊት የሚደረገው ፍተሻ ነው። የእኔ ሥራ ይህ ሁለተኛው ነበር። ጡረታ ወጥቼ ወደ ጅማ ከገባሁ ወዲህ ደግሞ መጓጓዣዬ አሮጌ ያማሃ ነው፤ ብሎኑንም የምፈታው ራሴ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ከሁለቱም ወገን ያየሁትን ነው።

ሦስት ነገሮችን አነሣለሁ። አንደኛው ከጥገና በኋላ ያለው የመጀመሪያ ጉዞ ለምን ከሁሉም ይበልጥ እንደሚያሰጋ ነው። ሁለተኛው ደህና መካኒክ እንኳ የሚያልፋቸው ስህተቶች ምን ዓይነት እንደሆኑ ነው። ሦስተኛው ጅማ ውስጥ ሞተር እንዴትና የት መፈተን እንዳለበት ነው። ስለ ዘይትና ስለ ካርቡራቶርም እንድናገር ተጠይቄ ነበር፤ ጊዜ ከተረፈ እመለስበታለሁ፣ ካልተረፈም ቅር አትሰኙብኝ።

ወደ አንደኛው ልግባ። አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሞተራችሁ እጅግ የሚያሰጋው መቼ ነው? «ሲያረጅ ነው» የሚል ይኖራል። «ሰርቪስ ሳይደረግ ሲቆይ ነው» የሚልም ይኖራል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን ከጋራዥ በወጣ በመጀመሪያው ሰዓት ነው እላለሁ። ለምን? ትናንት ከአጋሮ ጅማ በሰላም ያደረሳችሁ ሞተር፣ ጎማው እንደታሰረ፣ ፍሬኑ እንደሚይዝ፣ ካቴናው በቦታው እንዳለ በመንገዱ ሁሉ መስክሯል። ዛሬ ጠዋት ጋራዥ ገብቶ ሲፈታ ያ ምስክርነት አብሮ ተፈታ። የተፈታ ብሎን ሁሉ ሳይጠብቅ ሊቀር፣ ከልክ በላይ ጠብቆ ጥርሱ ሊበላ፣ ተገልብጦ ሊገባ ወይም ጭራሹን ተረስቶ ጠረጴዛ ላይ ሊቀር ይችላል። ሞተሩ ግን ታጥቦና ተወልውሎ ሲወጣ ከቀድሞው የተሻለ መስሎ ይታያል። አደጋውም እዚያ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ከሁሉ ይበልጥ የሚተማመነው ከሁሉ ያነሰ ባረጋገጠበት ሰዓት ነው።

አየር ኃይል ይህን በሚገባ ያውቃል። የአንድ ተዋጊ አውሮፕላን ሞተር ሲቀየር ወይም መሪዎቹ ተፈትተው ሲገጠሙ፣ አውሮፕላኑ ወዲያውኑ ለግዳጅ አይሰጥም። በቀን፣ በጠራ ሰማይ፣ ያለ ጦር መሣሪያ፣ ከማረፊያው ሳይርቅ፣ የሚፈተነው ነገር አንድ በአንድ በተጻፈበት ወረቀት መሠረት ይበራል። በአሜሪካ አሠራር በሚያዘው የአውሮፕላን መዝገብ ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ከተደረገ አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ አይደለም ማለት ነው፤ ሥልጣኑ የተሰጠው ተቆጣጣሪ ሥራውን በዓይኑ አይቶ በፊርማው እስኪያነሣው ድረስ የአብራሪው ማዕረግም ሆነ ጥድፊያው አያነሣውም። አሁን እናንተ ንገሩኝ፤ እኛ ሞተራችንን ከጋራዥ የምንቀበለው እንዴት ነው? ሲመሽ፣ ዝናብ ሲያካፋ፣ ጓደኛችንን ከኋላ ጭነን፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ጀሪካን አስቀምጠን አይደለም? አየር ኃይል ለመጀመሪያው በረራ የከለከለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሟልተን እንነሣለን።

እዚህ ላይ አንድ በረራ ልንገራችሁ። አውሮፕላኑ ኤፍ-5 ነው። ይህ አውሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው የሶማሊያ ጦርነት ስሙን ያስጠራ ነው። ሁለት ትንንሽ የጄት ሞተሮች አሉት። የዚያን ዕለት ከሁለቱ አንዱ ተቀይሮ፣ በዚያውም የአብራሪው መቀመጫ ለሌላ ሥራ ወጥቶ ተመልሶ ገብቷል። ከደብረ ዘይት ተነሥቼ፣ ከፍታ ይዤ፣ በወረቀቱ ላይ የተዘረዘረውን በየተራው እየፈተንሁ ወደ አንዱ ተራ ቁጥር ደረስሁ። ሥራው አፍንጫውን ወደ ታች ገፍቶ፣ ሰውና ዕቃ ክብደት አልባ የሚሆንበትን ጥቂት ሰከንድ መፍጠር ነው። የዚህ ፍተሻ አንዱ ጥቅም በአብራሪው ክፍል ውስጥ የተረሳ ነገር ካለ ከተደበቀበት ተነሥቶ እንዲታይ ማድረጉ ነው። ገፋሁት። በመጀመሪያ አቧራ ተነሣ። ቀጥሎ ከመቀመጫው በታች አንዲት ሮንዴላ፣ ብሎን ሲታሰር ከሥሩ የምትገባ ቀለበት፣ ከአሥር ሳንቲም የማትበልጥ፣ እየተገላበጠች በጉልበቶቼ መካከል ወጣችና ፊቴ ላይ ደርሳ ቆመች። በጓንቴ ያዝኋትና በሱሪዬ የእግር ኪስ ከትቼ ዘጋኋት። ፈተናውን አቋርጬ ወረድሁ።

ስወርድ ምን ተደረገ? ጩኸት አልነበረም፤ ስድብም አልነበረም። የጥገናው ኃላፊ ሮንዴላዋን ተቀበለኝና በመዳፉ አገላብጦ አያት። ከዚያ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ይህቺ ከዕቃ ግምጃ ቤት በትርፍነት የመጣች ናት ወይስ ከአውሮፕላኑ የጎደለች?» አያችሁ ልዩነቱን? ትርፍ ከሆነች የተገኘው የጠፋ ዕቃ ነው። የጎደለች ከሆነች ግን አንድ ቦታ ላይ ያለ ሮንዴላ የታሰረ ብሎን አለ ማለት ነው። መቀመጫው እንደገና ወጣ፤ ቦታዋም ተገኘ። እኔ ስለዚያ ሰው የማደንቀው ዕውቀቱን ብቻ አይደለም፤ ሮንዴላዋን «ትንሽ ናት» ብሎ ኪሱ አለመክተቱን ነው። ጋራዥ ውስጥ ሥራ ሲያልቅ መሬት ላይ ሦስት ብሎን ተርፎ፣ «ፋብሪካው ሲያበዛው ነው» ተብሎ ሲሳቅ ሰምታችሁ ይሆናል። የእናንተ ሞተር ፋብሪካ አንዲት ብሎን በትርፍ አይገጥምም። ለእያንዳንዷ ገንዘብ ያወጣባታልና።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ።

የድምፅን ፍጥነት እ.ኤ.አ. በ1947 ለመጀመሪያ ጊዜ በአግድም በረራ ያለፈውን አሜሪካዊውን ቹክ ዬገርን ስሙን የማያውቅ ጥቂት ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1941 ወደ ሠራዊቱ የገባው በአውሮፕላን መካኒክነት መሆኑን ነው። ከጦርነቱም በኋላ በመጀመሪያ ይሠራ የነበረው ከጥገና የወጡ አውሮፕላኖችን መፈተን ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው የተናገረው አንድ ታሪክ አለ። ኤፍ-86 ሴበር የተባለው ተዋጊ፣ የእኛም አየር ኃይል ከእ.ኤ.አ. 1960 ጀምሮ ያበረረው ማለት ነው፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ አብራሪ ይገድል ነበር። ዬገር ራሱ አንድ ቀን ሲገለበጥ መሪው ተቆለፈበት፤ ዕድል ቀንቶት ተለቀቀለትና ወረደ። ክንፉ ተፈትቶ ሲታይ፣ አንድ ብሎን በመመሪያው ከተጻፈው ተገልብጦ ገብቷል። ምርመራው የደረሰው በፋብሪካው ለብዙ ዘመን ከሠራ አንድ ሠራተኛ ዘንድ ነው። ሠራተኛው መመሪያውን አላነበበም አይደለም። ነገር ግን በሙያው ሲያድግ የተማረው «የብሎን ራስ ወደ ላይ ይሁን፤ ከሥር የሚያስረው ዳዶ ቢወድቅ እንኳ ብሎኑ በቦታው ይቀራል» የሚለውን ነበርና፣ መመሪያው የተሳሳተ መስሎት በልምዱ ሠራ።

ወንድሞቼ መካኒኮች፣ ይህን የምነግራችሁ ልምዳችሁን ለማቃለል አይደለም። ያ ሕግ በመቶ ቦታ ልክ ነው። ያ ሰው ሰነፍ አልነበረም፤ ሰካራም አልነበረም፤ እንዲያውም ከሁሉ ጠንቃቃ የነበረ ይመስለኛል። ሰውን የገደለው ልምዱ ልክ ባልሆነበት በአንዱ ቦታ ነው። እናንተስ ዘንድ እንዲህ ያለ ቦታ የለም?

አለ። የካቴናውን መገናኛ ተመልከቱ። በብዙ ሞተሮች ላይ ካቴናው የሚገናኝበት ማያያዣ ከላዩ በትንሽ የብረት መቆለፊያ ይያዛል። መቆለፊያው አንዱ ጫፉ ክፍት፣ ሌላው ድፍን ነው። ድፍኑ ጫፍ ካቴናው በሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት፤ ክፍቱ ከኋላ ይከተላል። ተገልብጦ ከገባ ግን ሞተሩ አሁንም ይሄዳል። ዛሬም ይሄዳል፣ ነገም ይሄዳል። አንድ ቀን እንጨት ወይም ድንጋይ ክፍቱን ጫፍ ሲነካው መቆለፊያው ይወልቃል፤ ካቴናው ተበጥሶ ወይ ባዶ ያስቀራችኋል ወይ ከኋላ ጎማ ጋር ተጠምጥሞ ይቆልፋችኋል። በዓይን ለማየት የሚፈጀው ጊዜ አፍታ ነው። ካቴናው በክዳን ለተሸፈነባችሁ ደግሞ ክዳኑ ሳይዘጋ በፊት እዩት፤ ከተዘጋ በኋላ ማንም አያየውም።

ሁለተኛውን ምሳሌ እዚሁ ጅማ አየሁት። አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ ከዴዶ ወርዶ፣ ዝናቡ እስኪያባራ እኔ ቤት ደጃፍ ላይ ተጠለለ። ሻይ እስኪቀርብ ድረስ ሞተሩን ዞር ዞር ብዬ ሳይ፣ ከኋላው ጎማ አጠገብ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተጠምጥሞ አገኘሁ። የኋላ ፍሬኑ የከበሮ ዓይነት ነው። ከበሮውን የሚሸፍነው ሳህን ከጎማው ጋር አብሮ እንዳይዞር ከሞተሩ አካል ጋር የሚያይዘው አንድ የብረት ዘንግ አለ፤ ጎማ ለማስለጠፍ ሲወጣ ይህ ዘንግ ይፈታል። «ልጄ፣ ይህን ማን በሽቦ አሰረው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጎሚስታው ነው ጋሼ። ዳዶው ጠፋበትና ለጊዜው ይሁንልህ አለኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሰነበተ። ፍሬኑ ግን በደንብ ይይዛል።»

በደንብ ይይዛል! እንዴታ፣ እስኪበጠስ ድረስ ይይዛል። ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ጎማው ሳህኑን አብሮት ሊያዞረው ይታገላል፤ ያን ትግል ሁሉ የሚሸከመው ያ ዘንግ ነው። ሽቦው በጠንካራ ፍሬን ሰዓት ከተበጠሰ ሳህኑ ይዞራል፣ ፍሬኑን የሚስበውን ሌላውን ዘንግ ይጠመዝዘዋል፣ ጎማውም ባለበት ይቆለፋል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ፍሬን ይበልጥ በሚያስፈልግበት ጊዜ፣ ከዴዶ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ መሆኑ ነው። አሮጌ ዕቃ ከማስቀምጥበት ቆርቆሮ ልክ የሆነ ዳዶ ፈልገን አጠበቅንለት። ዋጋው ከጠጣነው ሻይ አይበልጥም።

ሦስተኛውን ምሳሌ በአጭሩ ልበል። የፊት ዲስክ ፍሬን ሸራ ሲቀየር፣ አዲሱ ወፍራም ስለሆነ መካኒኩ ገፊውን ፒስተን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ የፍሬኑን እጀታ መጀመሪያ ስትጨብጡ እጀታው እስከ መሪው ይመጣል፤ ምንም አይይዝም። ሁለት ሦስቴ ሲጨበጥ ይጠነክራል። ይህን ጋራዡ ግቢ ውስጥ ያላደረገ ሰው የሚያደርገው የት ነው? እዚሁ ጅማ መርካቶ መገንጠያው ላይ፣ ባጃጅ ከፊቱ ሲቆምበት ነው። ሚግ-21 የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ያበረርን ሰዎች የጎማው ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ስለነበር፣ ከቆምንበት ሳንነቃነቅ በፊት የአየሩን ግፊት በመለኪያው ላይ አይተን፣ እንደተንቀሳቀስንም ወዲያው ፍሬኑን እንሞክር ነበር። በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ለሚነካ አውሮፕላን ፍሬን መያዝ አለመያዙን ማወቂያው ሲያርፍ መሆን የለበትምና።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ መጥቻለሁ፤ ዋናውም ይኸው ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 1935 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ራይት ፊልድ በተባለ ቦታ፣ የቦይንግ ኩባንያ ሞዴል 299 የተባለ ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ ለሙከራ ተነሣ። አብራሪው የተመሰከረለት የሙከራ አብራሪ ነበር። አውሮፕላኑ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ወጣና ወደቀ። ምክንያቱ ቆሞ ሳለ ነፋስ መሪዎቹን እንዳያንገላታቸው የሚቆለፍበት መቆለፊያ ሳይነሣ መቅረቱ ነበር። አብራሪውን ጨምሮ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ነው አብራሪዎች ምንም ያህል ቢያውቁ ከመነሣታቸው በፊት ዝርዝሩን በወረቀት ይዘው አንድ በአንድ ማንበብ የያዙት። ሰው የሚያውቀውን ይረሳል፤ የማያውቀውንማ መርሳትም አይችልም። ስለዚህ እኔም ያማሃዬን የምፈትነው ከወረቀት እያነበብሁ ነው። ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

በመጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሣ። የተፈታውን ሁሉ መካኒኩን ጠይቁት፤ «ምን ሠራህ?» ሳይሆን «ምን ምን ፈታህ?» በሉት። መልሱ የተለያየ ነው። ካንዴላ ለመቀየር የነዳጅ ታንኩን አንሥቶት ይሆናል፤ ታንኩን ካነሣ የነዳጁን ጎማ ነቅሏል፤ ስለዚህ የምታዩት ካንዴላውን ብቻ ሳይሆን የነዳጁንም ጎማ ነው። የፊትና የኋላ ጎማ ዳዶዎችን በቁልፍ ነካ አድርጉ። ካቴናውን ከታች በጣት ገፋ አድርጉት፤ በትንንሾቹ ሞተሮች ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢላላ ደህና ነው፣ የራሳችሁ ሞተር መመሪያ ሌላ ካለ ግን መመሪያውን ተከተሉ።

ቀጥሎ ሞተሩ ተነሥቶ፣ በቆመበት። ትንሽ ይሙቅ። ከዚያ ማርሹ ዜሮ ላይ ሳለ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ ጆሯችሁ ድምፁ ላይ ይሁን። መሪው ሲዞር ድምፁ ከፍ ካለ፣ የነዳጅ መስጫው ገመድ ተወጥሯል ወይም በተሳሳተ መንገድ አልፏል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ኩርባ ላይ ስትታጠፉ እናንተ ሳታዙት በራሱ ይፈጥናል። ይህቺን አንዲት ፍተሻ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳ የዛሬው መንገዳችሁ በከንቱ አልሆነም።

ከዚያ በኋላ በእግር ጉዞ ፍጥነት። የፊት ፍሬን ለብቻው፣ የኋላው ለብቻው። ከዚያ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ። ሁሉም ደህና ከሆነ ብቻ ወደ ላይኞቹ ማርሾች። የት? ጅማን ታውቋታላችሁ። መርካቶና ሕርማታ አካባቢ በገበያ ቀን ሞተር አይፈተንም። ከጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወርደው ቁልቁለትም አይፈተንም፤ ቁልቁለት ፍሬኑ ከተረጋገጠ በኋላ የሚመጣ ነው። ሜዳማ፣ ደረቅ፣ ሰው የማይበዛበት መንገድ ምረጡ፤ በጠዋት ይሁን፤ ከጋራዡም ሞተር ገፍታችሁ ከምትመለሱበት ርቀት አትለፉ። ከኋላ ሰው አይጫን። መካኒኩም ቢሆን አይጫን።

ስትመለሱ እንዳትሄዱ። ወርዳችሁ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ጎማ እምብርት አስጠጉ፤ አትንኩ፣ አስጠጉ ብቻ። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም። ከሥር ዘይት ነጠብጣብ ካለ እዩ። ዳዶዎቹን እንደገና ነካ አድርጉ። ከዚያ በደብተር ቀኑን፣ የተሠራውን፣ የሠራውን ሰው ስም ጻፉ። አዲስ ጎማ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ጭቃ ላይ አትመኑት፤ ላዩ ገና ለስላሳ ነው።

አሁን ለመካኒኮች የማቀርበው ሐሳብ አለ፤ አንዳንዶቻችሁ ላትወዱት ትችላላችሁ። ሒሳብ ከፈተናው በኋላ ይከፈል። ደንበኛው ሄዶ ይመለስ፤ አብራችሁ እዩት፤ ከዚያ ይክፈል። አየር ኃይል ውስጥ መካኒኩ አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ከሜዳው አይጠፋም ነበር፤ ሥራው ያለቀው አውሮፕላኑ ሲነሣ አልነበረምና። እናንተ ደንበኞችም በበኩላችሁ «ቶሎ በል፣ ቸኩያለሁ» እያላችሁ መካኒክ አናት ላይ አትቁሙ። ዳዶ ከሚያስረሱ ነገሮች ሁሉ የመጀመሪያው የባለቤቱ ጥድፊያ ነው፤ የተረሳውን ዳዶ ዕዳ ግን መካኒኩ ብቻውን እንዲከፍል እንፈልጋለን።

ስለ ካርቡራቶር ለመናገር ጊዜ አልተረፈም። ስለ ዘይት አንዲት ነገር ብቻ፤ አየር ኃይል የሞተር ዘይት ናሙና ወስዶ በውስጡ ብረት ይፈልጋል። እናንተም አሮጌውን ዘይት ከመድፋታችሁ በፊት በነጭ ጨርቅ አጥልሉትና ፀሐይ ላይ እዩት። ጥቂት ደቃቅ ብልጭታ ያለ ነው፤ በጣት የሚያዝ ስብርባሪ ካገኛችሁ ግን ሞተሩን ሳትከፍቱ አታስነሡ።

ጥያቄዎቻችሁን እዚህ ተቀምጠን ከምንመልስ፣ ሞተሮቹ አጠገብ ሆነን ብንመልሳቸው ይሻላል። ወደ ግቢው እንውጣ። በዚህ ሳምንት ጋራዥ የገባ ሞተር ያላችሁ ቅድሚያ አላችሁ፤ መካኒኮች 10፣ 12፣ 14 እና 17 ቁልፍ ይዛችሁ ተከተሉኝ። መሪ የማዞሩን ፍተሻ በእያንዳንዱ ሞተር ላይ እናደርጋለን።